ወፍጮው ሲቆም፦ የተጨመቀ ሙዚቃና የጆሯችን ዳኝነት

ከዚህ ከፍኖተ ሰላም ብዙም በማይርቅ የገጠር ቀበሌ ተወልጄ ያደግሁ፣ ኋላም አዲስ አበባ ገብቼ ድምፅ በመቅዳትና በማስተካከል የምተዳደር ሰው ነኝ። ሥራዬ ማዳመጥ ነውና ዛሬ የማካፍላችሁም ስለ ማዳመጥ ነው።

የመጣሁበት ጥያቄ አንድ ነው። ልጆቻችሁ በስልካቸው የሚሰሙት፣ ባጃጅ ነጂው በፍላሽ የሚያጫውተው፣ በገበያ ቀን ሙዚቃ ቤት ገብታችሁ በሚሞሪ የምታስጭኑት ዘፈን ከሞላ ጎደል ሁሉም የተጨመቀ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ከተቀዳው ድምፅ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ተቀንሶለት ነው እናንተ ዘንድ የደረሰው። ይህ የተቀነሰው ነገር በጆሮ ይታወቃል ወይስ አይታወቅም? መልሴን አልደብቃችሁም። ለማዳመጥ ከሆነ በጥንቃቄ የተጨመቀ ቅጂ ይበቃል፤ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ሌላ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ትርፍ ትንሽ ነው። ለማስቀመጥ ከሆነ ግን አይበቃም፤ እንዲያውም ጉዳቱ ከባድ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ድምፅ እንዴት ቁጥር እንደሚሆንና መጭመቅ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ፤ ቀጥዬ ጆሮ እንዴት እንደሚፈተን እናገራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ከአጎቴ በገና የተማርሁትን እነግራችኋለሁ።

ድምፅ የሚርገበገብ አየር ነው። ማሲንቆ ሲገዘገዝ የፈረስ ጭራው ይንቀጠቀጣል፣ ቆዳው አብሮት ይንቀጠቀጣል፣ አየሩም ያንን ተቀብሎ ጆሯችን ድረስ ያመጣዋል። ጤነኛ ወጣት በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ይሰማል። ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ጫፍ እየወረደ ይመጣል፤ በዚህ አዳራሽ ካለነው ጎልማሶች ብዙዎቻችን ከ15,000 በላይ ያለውን አንሰማም። ይህን መርገብገብ ወደ ቁጥር መለወጥ የጮቄን ተራራ ቅርጽ ለመመዝገብ በየእርምጃው ከፍታውን እየለኩ መጻፍ ማለት ነው። እርምጃው በቂ ጠባብ ከሆነ መዝገቡን የያዘ ሰው ተራራውን ሳያይ መልሶ ይስለዋል። ሒሳቡ የሚለው፣ ሊሰማ ከሚገባው ከፍተኛ መርገብገብ ከእጥፍ በላይ መለካት ይበቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣው ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚለካው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ልኬት ከ65,536 ደረጃዎች አንዱን ይይዛል፤ ለግራና ለቀኝ ሁለት መዝገብ ሲያዝ በሰከንድ 1,411 ኪሎ ቢት ይሆናል። የአራት ደቂቃ ዘፈን ወደ 42 ሜጋ ባይት፣ የአንድ ሰዓት ቅጂ ደግሞ 635 ሜጋ ባይት ያህል ቦታ ይወስዳል ማለት ነው። በአንዱ ልኬትና በሌላው መካከል ያለው ድምፅ ጠፋ ብለው የሚያዝኑ ሰዎች አጋጥመውኛል። አልጠፋም። ከሚሰማው ወሰን በታች እስከሆነ ድረስ መስመሩ ሲመለስ ለስላሳ ሆኖ እንደ ነበረው ይመለሳል፤ ደረጃ ደረጃ አይሠራም።

መዝገቡ እንዲህ ሲበዛ ማሳጠር ይመጣል። ማሳጠር ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነታቸውን ካልያዝን የቀረው ንግግሬ ይጨልምባችኋል። የዕቁብ ጸሐፊን አስቡ። አርባ አባል ያለው ዕቁብ ነው እንበል። ጸሐፊው በየሳምንቱ የአርባውን ስም እየዘረዘረ «ከፈለ፣ ከፈለ» ማለት ይችላል። ብልህ ከሆነ ግን «ከሁለቱ በቀር ሁሉም ከፍለዋል» ይልና የሁለቱን ስም ብቻ ያሰፍራል። ወረቀቱ አጠረ እንጂ የጠፋ ብር የለም፣ የጠፋ ስም የለም፤ አርባውን መልሶ መዘርዘር ለፈለገ ሁሉም አለ። ፍላክ የሚባለው የድምፅ ፋይል የሚሠራው እንደዚህ ነው። ጆሽ ኮልሰን የተባለ ፕሮግራም ሠሪ የመጀመሪያውን የተሟላ ስሪት እ.ኤ.አ. በ2001 አወጣው። ፍላክ የሚመጣውን ልኬት ካለፉት ይገምታል፤ የሚጽፈውም ግምቱ ከእውነተኛው ምን ያህል እንደ ራቀ ብቻ ነው። ሲከፈት እያንዳንዷ ቁጥር እንደ ነበረች ትመለሳለች። ቦታውን ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ ትንሽ ወደሚበልጥ ያወርደዋል፤ ከዚያ በታች ግን እምብዛም አይሄድም፣ ምክንያቱም ምንም እንዳይጥል ምሏል።

ሁለተኛውን ለማስረዳት የቡሬን በርበሬ ልጥራ። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ፍሬውም ይራገፋል፤ ከዚያ ተቀምሞ ይደቆሳል። ወጡን የሚበላ ሰው ግንጣዩ ስለ ቀረ አያዝንም፣ ፍሬውም አልጎደለበትም። ክብደቱ ቀንሷል፤ ጣዕሙ ግን አለ። ከዚህ ድልህ ላይ ግን ለከርሞ የሚዘራ ዘር የሚያገኝ የለም። ኤምፒ ስሪ እንዲህ ያለ በርበሬ ነው። የማይቀመሰውን መርጦ ይጥላል፣ የጣለውም አይመለስም።

የማይሰማውን እንዴት ይመርጣል? ወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆማችሁ ከጎረቤት ጋር የተጫወታችሁ ሁሉ መልሱን ታውቁታላችሁ። ሞተሩ እየደቃ ሳለ ጎረቤታችሁ ዝቅ ባለ ድምፅ ቢናገር ከንፈሩን ታያላችሁ እንጂ አትሰሙትም። ቃሉ አየሩ ውስጥ አለ፣ ጆሯችሁም ደርሷል፤ ትልቁ ድምፅ ግን ሸፍኖታል። ይህ መሸፋፈን የሚበረታው ሁለቱ ድምፆች በውፍረትና በቅጥነት ሲቀራረቡ ነው። በጊዜም ይሠራል፤ ደወል ከተደወለ በኋላ ለጥቂት ቅጽበት ጆሯችን ለትንንሹ ድምፅ ይደነዝዛል። መጭመቂያው ዘፈኑን በትንንሹ እየቆረሰ፣ በእያንዳንዱ ቁራሽ ውስጥ የቱ የቱን እንደ ሸፈነው ያሰላል፤ ለተሸፈነው ትንሽ ቁጥር ብቻ ይመድባል ወይም ጨርሶ ይተወዋል። በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት ላይ ያ 42 ሜጋ ባይት የነበረው ዘፈን ወደ 4 ሜጋ ባይት ይወርዳል። ጠባብ ሚሞሪ ላለውና ዳታ ቆጥሮ ለሚገዛ አድማጭ ይህ ትልቅ በረከት ነበር፤ አሁንም ነው።

ይህን ጥበብ ካበጁት መካከል ጀርመን አገር ኤርላንገን ከተማ በሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም የሠሩት ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግና ባልደረቦቻቸው ይገኙበታል። ደረጃው እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ፤ ኤምፒ ስሪ የሚለው የፋይል ስም የተመረጠው ደግሞ በ1995 ነው። ከታሪኩ ለእኛ የሚጠቅመን አንድ ነገር አለ። ሰዎቹ ሙዚቃውን ጨምቀው ደስ ብሏቸው ሳለ ሱዛን ቬጋ የምትባል አሜሪካዊት ያለ ምንም መሣሪያ በድምፅዋ ብቻ የዘፈነችውን «ቶምስ ዳይነር» ቢያስገቡበት ድምፅዋ ተበላሸባቸው። ባንድ ሲጫወት የሚሸፍን ነገር አለ፤ ብቻውን የቆመ የሰው ድምፅ ግን የሚሸፍንለት የለም፣ እያንዳንዱ ስሕተት ተራቁቶ ይታያል። እርሷን አስተካክሎ እስኪያወጣ ድረስ መጭመቂያውን ደጋግመው ሠሩት። የእኛን አገር ድምፅ ካሰብነው፣ የአንድ መሪጌታ ዜማ፣ የአንድ እረኛ ዋሽንት፣ የአንድ አልቃሽ ሙሾ፣ ብቻውን የሚቆም ድምፅ ያለን ሕዝብ ነን።

ወደ ጆሮው ፈተና ከመሄዴ በፊት ለካሴት የሚገባውን ልክፈል። ከእኔ ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ያላችሁ ካሴት በእስኪርቢቶ ያጠነጠናችሁ፣ ቴፑ እንዳይጎትት የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጣችሁ ናችሁ። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ በእያንዳንዱ ግልባጭ የሽሽታው ድምፅ ይጨምራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይደክማል። ሦስተኛ እጅ ላይ የደረሰ ካሴት ዛሬ ከምንነቅፈው ኤምፒ ስሪ የከፋ ነበር። ሬዲዮውም እንዲሁ፤ መካከለኛ ሞገድና አጭር ሞገድ ከ5,000 ብዙም የማይበልጥ መርገብገብ ነው የሚያደርሱት። ሆኖም ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው በዚያች ጠባብ መንገድ አልፎ አገሩን ሁሉ አስለቅሷል። ታሪኩ እዚሁ ጎረቤታችን ማንኩሳ ላይ ሲጀምር የሰማ የማንኩሳ ሰው ድምፁ ጎደለብኝ ብሎ አያውቅም። የሰው ንግግር ዋናው ክፍል ከታች ነው ያለው፤ መደበኛ ስልክ ከ300 እስከ 3,400 ያለውን ብቻ አሳልፎ ያነጋግረናል። ይህን የምለው ጥራት የሚባለው ነገር በሙሉ ቁጥር ውስጥ ነው ብለን እንዳንሳሳት ነው። ትረካ በጣም ተጨምቆም ይኖራል፤ በገና ግን እንደ ትረካ አይደለም።

አሁን ጆሮውን እንፈትን። ሰው ሁሉ ልዩነቱን እሰማለሁ ይላል፤ እኔም እል ነበር። የሚያስፈልገው ዓይንን አስወግዶ ጆሮን ብቻ መጠየቅ ነው። ከአንድ ሙሉ ቅጂ ላይ አንድ የተጨመቀ ቅጂ ይሠራል፤ የሁለቱ የድምፅ ከፍታ እኩል ይደረጋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ አንድ ዴሲቤል እንኳ ከፍ ያለው ለጆሯችን «የጠራ» ሆኖ ይሰማል፤ ብዙ ክርክር የተነሣው ከዚህ ነው። ከዚያ ሌላ ሰው ወይም ኮምፒዩተሩ የቱን እንደሚያሰማ ሳይናገር ያጫውታል፣ አድማጩ የቱ እንደሆነ ይፈርዳል። 16 ጊዜ ይደገማል። ስምንቱን ማግኘት ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። ዝም ብሎ የሚገምት ሰው 12ቱን ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ አራት አይሞላም፤ ስለዚህ 12 ያገኘ ሰው ቢያንስ ሊደመጥ ይገባዋል። ደግሞ ቢሞክርና ደግሞ ቢያገኝ ጆሮውን አምናለሁ።

በዚህ መንገድ ራሴንም፣ ብዙ ባልደረቦቼንም ፈትኛለሁ። በ128 ኪሎ ቢት፣ በተለይ በአሮጌ መጭመቂያ የተሠራውን፣ ጥሩ ማዳመጫ በጆሮዬ አድርጌ እለየዋለሁ፤ በጭብጨባና በጸናጽል ላይ ወዲያው፣ በሌላው ላይ ከብዙ ድካም በኋላ። በ192 ላይ አንዳንዴ ይሆንልኛል፣ አንዳንዴ አይሆንልኝም። ከ256 በላይ ሲሆን መልሴ ከሳንቲም አይሻልም። ይህን ስነግራቸው የሚከፉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ ግን ፈተናውን ተቀምጦ ያለፈ ሰው እስካላየሁ ድረስ ሌላ ልናገር አልችልም። ከሲዲ በላይ «ከፍተኛ ጥራት» እየተባለ የሚሸጠውንም ቢሆን ኢ. ብራድ ማየርና ዴቪድ ሞራን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ፈትነውታል። ከፍተኛውን ድምፅ በሲዲ ልክ አሳልፈው ከዋናው ጋር ሲያወዳድሩት፣ ከ554 ሙከራ ትክክል የሆነው 276 ነበር፤ ከግማሽ ዝቅ ያለ ማለት ነው።

ታዲያ ዘፈናችን ለምን ይበላሻል? የምትሰሙት ድምፅ መጥፎ መሆኑን እኮ አልካድሁም። በሠርግ ድንኳን ውስጥ ሞንታርቦው ሲጮህ ደረታችን ይመታል እንጂ የዘፋኙ ቃል አይለይም። ይህን የሚያደርገው በአብዛኛው መጭመቁ አይደለም። ሰው ድምፅ ማጉያውን ከአቅሙ በላይ ይከፍተዋል፣ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፣ የተቆረጠውም ጫፍ ይሻክራል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ፋይሉ ራሱ መንገድ ላይ ተንገላቷል። አንዱ ከዩቲዩብ ያወርደዋል፤ ዩቲዩብ አስቀድሞ ጨምቆታል። ወደ ኤምፒ ስሪ ይለውጠዋል፤ ይህ ሁለተኛ ጭመቃ ነው። ሌላው ከቪዲዮ ጋር አጋጥሞ ይለጥፈዋል፤ ሦስተኛ። በብሉቱዝ ስፒከር ሲሰማ ስልኩ እንደገና ጨምቆ ይልከዋል፤ አራተኛ። እያንዳንዱ ጨማቂ የማይሰማውን ጣልሁ ይላል፤ የሚያሰላው ግን ከፊቱ የነበረው የተወውን ጉድለት እንደ ሙዚቃ ቆጥሮ ነው። ካሴት ከካሴት እንደ መገልበጥ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ «320 ነው» ብሎ የሚሸጥ አለ። የ128ቱን ፋይል በ320 ዳግም መጻፍ ወይም ወደ ፍላክ መለወጥ ቦታ ይፈጃል እንጂ የተራገፈውን ፍሬ ወደ ዛላው አይመልስም። ስለዚህ ለማዳመጥ ብቻ ለምትፈልጉ ምክሬ አጭር ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከጥሩ ምንጭ፣ በ192 ወይም በ256 የተጨመቀ ያዙ፤ የተረፋችሁን ገንዘብ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ግዙበት።

ጭብጨባና ጸናጽል ለምን እንደሚያጋልጡ ትንሽ ልበል፣ ለአገራችን ሙዚቃ ይህ ዋና ነገር ነውና። ኤምፒ ስሪ ዘፈኑን የሚቆርሰው በ1,152 ልኬት ነው፤ በሲዲ ፍጥነት ሲሰላ 26 ሚሊ ሰከንድ ያህል። ሲቆጥብ የሚፈጥረው ሽሽታ በዚያ ቁራሽ ሙሉ ላይ ይረጫል። ጭብጨባው የመጣው በቁራሹ መጨረሻ ላይ ከሆነ ሽሽታው ከጭብጨባው በፊት ይሰማል፤ የእጁ ስለት ይደንዛል። መጭመቂያዎቹ ይህን ለማስቀረት ቁራሹን የሚያሳጥሩበት ዘዴ አላቸው፤ ቁጥሩ በቂ ካልሆነ ግን አይሳካላቸውም። የጎጃም ጨዋታ እኮ በጭብጨባ የሚኖር ነው። እስክስታ ወራጁ ትከሻውን ሲያረግፍ የሚያወጣው ትንፋሽ፣ የአጨብጫቢዎቹ መዳፍ፣ የከበሮው ጠርዝ፣ ሁሉም ድንገት መጥቶ ድንገት የሚጠፋ ድምፅ ነው። በገናም የራሱ ጠባይ አለው። አሥሩ ጅማቶች በየሥራቸው እንዚራ የሚባል የቆዳ ቁራጭ አላቸው፤ ጅማቱ ሲነካ ቆዳውን እየመታ ያንን የምናውቀውን ንዝረት ያወጣል። ወፍራም መሠረት ከታች፣ ከላዩ የተሰባጠረ ነዘር። እኔ ከሠራሁባቸው መሣሪያዎች ሁሉ በገናን ያህል መጭመቂያን የሚያስቸግር አላገኘሁም።

አሁን አስቀድሜ ወዳቆየሁላችሁ ነገር ልግባ። አጎቴ በገና ደርዳሪ ነበር። በዐቢይ ጾም ወራት ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይደረድር ነበር፤ ከእርሱ በቀር የሚያውቃቸው የሌሉ የሚመስሉኝ መዝሙሮች ነበሩት። አንድ ዓመት ለእረፍት ስመጣ በስልኬ ቀዳሁት። ሁለት ሰዓት ያህል ነው። የስልኩ መቅጃ ሙሉ ጥራትና አነስተኛ ጥራት የሚል ምርጫ ነበረው፤ ሚሞሪዬ በዘፈን ሞልቶ ስለ ነበር አነስተኛውን መረጥሁ። ከቤቱ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ገና አልቆመም ነበር፤ ሞተሩ ከሥር ዱፍ ዱፍ ይላል። ምንም አልመሰለኝም። በስልኩ ላይ መልሼ ሳደምጠው በገናውም የአጎቴ ድምፅም ደኅና ነው፤ ወፍጮውን ኋላ ስቱዲዮ ገብቼ አጠፋዋለሁ፣ ሥራዬ ነው አልሁ። አጎቴ በሁለተኛው ዓመት ዐረፈ።

የተዝካሩ ሰሞን ቅጂውን ከፍቼ ወፍጮውን ማጥፋት ጀመርሁ። ይህ በስቱዲዮ የታወቀ ሥራ ነው፤ የሞተሩን ምት ለይቶ መቀነስ ነው። ሞተሩ እየሳሳ ሲሄድ ከሥሩ ይወጣል ያልሁት በገና አልወጣም። የወጣው የተቦዳደሰ ነገር ነው፤ ውኃ ውስጥ እንዳለ የሚንቦጫቦጭ፣ ጅማቱ አለ ስትሉ የሚጠፋ። ብዙ ሌሊት ሞከርሁ። ኋላ ነው የገባኝ። መጭመቂያው የታዘዘውን በትክክል ሠርቷል፤ ወፍጮው የሸፈነውን በገና የማይሰማ ነው ብሎ ጥሎታል። በዚያች ማታ ለጆሮ እውነቱን ነበር። ወፍጮው ሳለ የጎደለ ነገር አይሰማም። ወፍጮው ሲቆም ግን ከሥሩ በገና የለም።

የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነው። የተጨመቀ ቅጂ የተሠራው ለአንድ ዓይነት ማዳመጥ ብቻ ነው፤ እንዳለ፣ ሳይነካ፣ በሰው ጆሮ ለመሰማት። ሰው ሊያጠራው፣ ሊያጎላው፣ ፍጥነቱን ሊቀንሰው፣ አንዱን ድምፅ ከሌላው ሊለይ በተነሣ ጊዜ ያ የመሸፋፈን ሒሳብ ይፈርሳል። በስልክ ማይክ የተቀዳ ድምፅ ምኑ ሙሉ ሆኖ ነው ሙሉ ቅጂ የሚያሻው የሚሉኝ አሉ። እኔ ነገሩን የማየው በተቃራኒው ነው። ስቱዲዮ ውስጥ በጸጥታ የተቀዳ ዘፈን ማጥራት አያስፈልገውም፤ ቢጨመቅም ይታገሣል። ነፋስ፣ ዶሮ፣ ወፍጮ፣ የልጆች ጫጫታ ያለበት የገጠር ቅጂ ነው ነገ ማጥራት የሚያስፈልገው፤ ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ እርሱ ነው ሙሉ ሆኖ መቀመጥ ያለበት። ዛሬ ዛሬ የጎደለውን ገምቶ የሚሞላ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጥቷል፤ ሞክሬዋለሁ፣ ደስ የሚል በገና ይሰጣል። ግን የሌላ ሰው ጣት ነው፤ አጎቴ በዚያች ማታ የቱን ጅማት እንዴት እንደ ነካ አያውቅም።

የድምፅ ማኅደሮችን የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ማኅበር ለሚቀመጥ ድምፅ ቢያንስ በሰከንድ 48,000 ልኬት በ24 ቢት እንዲያዝ፣ እንዳይጨመቅም ይመክራል። ይህ በሰዓት 1 ጊጋ ባይት ገደማ ነው። ከስልክ ላይ በሲዲ ልክ መቅዳት ለእኛ ይበቃናል፤ 64 ጊጋ ባይት ያላት አንዲት ሚሞሪ መቶ ሰዓት ያህል ትይዛለች። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሄደው በሸክላ የተቀዱት ዜማ ከመቶ ዓመት በኋላ ተጣርቶ ዳግም በሲዲ ሊወጣ የቻለው፣ ሸክላው የተንኳኳም ቢሆን የሸፈነውን ስላልጣለ ነው። ከጫጫታው ሥር ድምፁ ነበረ።

በዚህ አካባቢ የሚቀዳ ነገር ሞልቷል፤ ብዙውም አይደገምም። ዋሸራና ጎንጅ፣ ወዲያም ዲማ፣ የቅኔ ስም ያላቸው አገሮች ናቸው፤ ቅኔ ደግሞ በየጊዜው አዲስ ነው እንጂ የትናንቱን ለዛሬ የሚደግም የለም። በብራና ያልሰፈረ፣ በየኔታ ቃል ብቻ ያለ ስንት አለ። በደቦ የሚዘፈን፣ በአውድማ ላይ ለበሬው የሚባል፣ ለሕፃን የሚባል እሽሩሩ አለ። ወጣቶቹ ስልክ አላችሁ፤ እየቀዳችሁም እንደሆነ አውቃለሁ። የምለምናችሁ ጥቂት ነው። መቅጃውን ስትከፍቱ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ዌቭ የሚባለውን ያልተጨመቀ ዓይነት፣ እርሱ ከሌለ ከፍተኛ ጥራት የሚለውን ምረጡ። ሰውየውን አስፈቅዱ። መጀመሪያ ላይ የባለሙያውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በቃላችሁ ተናገሩ፤ ወረቀት ይጠፋል፣ ከድምፁ ጋር ያለ ስም ግን አይለይም። ለወዳጅ ስትልኩ የተጨመቀውን ላኩ፣ ይበቃዋል፤ ዋናውን ግን አታጥፉ፣ ቢቻል በሁለት ቤት አስቀምጡት። ድምፁን ማጥራት በኋላ ይደረስበታል።

ንግግሬ እዚህ ላይ አበቃ፤ ሥራው ግን ገና ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ማዳመጫዎች አሉ። አንዱ ላይ የዛሬ ወር እዚሁ አገር የቀዳሁት የዋሽንት ድምፅ በሙሉውና በተጨመቀው አለ፤ 16 ጊዜ ልትፈተኑበት የምትፈልጉ ወረቀትና እስኪርቢቶ ይዛችሁ ኑ። ሌላው ላይ ያለው የአጎቴ በገና ነው። ወፍጮውን ልቀንሰው ሞክሬ ያበላሸሁትን አላመጣሁም። እንደ ቀዳሁት፣ ከነሞተሩ ነው የምታደምጡት።